እናት ዶሮን ማን ይተካታል? የጫጩት ማሳደግ ታሪክ ከመዝበር እስከ ሰቆጣ

ሰቆጣ ከተማ ውስጥ ወይም ከከተማዋ ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ ትኖራላችሁ እንበል። ቤተሰብ አሳምናችሁ፣ ገንዘብ አጠራቅማችሁ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሃያ የአንድ ቀን ጫጩቶች ልትገዙ ነው። ጫጩቶቹ የሚመጡት ጎንና ጎኑ በተበሳሳ ካርቶን ነው። ካርቶኑ ውስጥ ሃያ ነፍስ አለ፤ አንድ ነገር ግን የለም፤ እናት።

እስቲ እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡት። ለሺህ ዓመታት ጫጩት ማለት እናቱን እየተከተለ የሚጭር ፍጥረት ነበር። ያለ እናቱ በካርቶን ታሽጎ በመኪና መጓዝ የጀመረው ትናንት ነው ማለት ይቻላል። ይሄ እንዴት ሊሆን ቻለ? ደግሞስ እናት ዶሮ ትሠራው የነበረውን ሥራ አሁን ማን ይሠራዋል? ይህን ጥያቄ ሳይመልስ ጫጩት የገዛ ሰው ብዙ ጊዜ በሁለት ሳምንት ውስጥ ባዶ ካርቶን ታቅፎ ይቀራል። ድርቅና ጦርነት የከብቱንና የፍየሉን መንጋ ባሳሱበት እንደ ዋግ ኽምራ ባለ አካባቢ ደግሞ ሃያ ጫጩት ቀላል ነገር አይደለም። ለአንድ ተማሪ ወይም ለአንዲት እናት እንደገና ለመጀመር የሚያስችል የመጀመሪያው ደረጃ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ካርቶኑ ከመምጣቱ በፊት ታሪኩን እንይ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዶሮ እንግዳ ናት

ቆቅና ጅግራ የአገራችን የዱር ወፎች ናቸው። ዶሮ ግን እንግዳ ናት። አፍሪካ ውስጥ የዶሮ የዱር ቅድመ አያት የለም። የዶሮ ቅድመ አያት ቀይ የጫካ ዶሮ የሚባለው ወፍ ሲሆን፣ የሚኖረው በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ እስያ ደኖች ውስጥ ነው። በ2022 የታተመ ሰፊ ጥናት እንደሚለው፣ የለማዳ ዶሮ መሆናቸው በደንብ ከተረጋገጠ አጥንቶች ውስጥ ጥንታዊዎቹ የተገኙት ታይላንድ ውስጥ ባን ኖን ዋት በሚባል ቦታ ነው። ዕድሜያቸው ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ1650 እስከ 1250 ባለው ጊዜ ውስጥ ይወድቃል። አጥኚዎቹ ምክንያቱን ሲያስረዱ ነገሩን ከእህል ጋር ያያይዙታል። ሰዎች ሩዝና ዘንጋዳ መሰል ጥራጥሬ ማምረት ሲጀምሩ፣ የረገፈው ጥሬ የጫካውን ወፍ ከዛፍ አውርዶ ወደ ደጃፍ አመጣው። አውድማ ላይ የምትለቅም ዶሮ አይታችሁ ታውቃላችሁ አይደል? ታሪኩ የጀመረው እንደዚያ ነው።

ከዚያስ ወደ እኛ አገር መቼ መጣች? ለዚህ ጥያቄ ጥሩውን መልስ የሰጠችን መዝበር ናት። መዝበር በምሥራቅ ትግራይ የምትገኝ፣ ከአክሱም መንግሥት በፊት ሰዎች የኖሩባት የገጠር መንደር ናት። እዚያ በተደረገ ቁፋሮ ከተገኙት የእንስሳት አጥንቶች መካከል የአርኪዮሎጂ ባለሙያዋ ሔሊና ወልደኪሮስና ባልደረባዋ ካትሪን ዳንድሪያ የዶሮ አጥንቶችን ለዩ። ሥራው ቀላል አልነበረም። የዶሮ አጥንት ከቆቅና ከጅግራ አጥንት ጋር በጣም ስለሚመሳሰል፣ አንድ በአንድ እየተነጻጸረ ነው የተለየው። ከዚያ ከአጥንቱ በቀጥታ በተወሰደ የካርቦን መለኪያ ዕድሜው ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ819 እስከ 755 ባለው ጊዜ ሆኖ ተገኘ። ጥናቱ ሲወጣ በአፍሪካ ምድር ከተገኙት የዶሮ አጥንቶች ሁሉ ጥንታዊ ተብሎ ነበር። እርግጠኛ ሆኖ ዕድሜው ከሚታወቀው የግብፅ ዶሮ እንኳ በብዙ መቶ ዓመታት ይቀድማል።

ይህ ምን ይነግረናል? ዶሮ ወደ ሰሜን ኢትዮጵያ ተራሮች የመጣችው በግብፅ በኩል መሆን የለባትም ማለት ነው። በቀይ ባሕርና በደቡብ ዓረቢያ በኩል ከነጋዴ ጋር ተሳፍራ የመጣች ትመስላለች።

ሌላም ምስክር አለ፤ ቃሉ ራሱ። በአማርኛ ዶሮ፣ በትግርኛ ደርሆ፣ በግዕዝ ዶርሆ እንላለን። አሁን ወደ አገው ቋንቋዎች ሂዱ። በቢለን ድርዋ ይባላል፣ በአዊ አገው ደግሞ ዱሪ። ተመሳሳይነቱ ግልጽ ነው። የቋንቋ አጥኚዎች ቃሉ ከኩሽ ወገን፣ በተለይም ከአገው፣ ወደ ሴም ቋንቋዎቻችን እንደገባ ያስባሉ። ግምቱ ትክክል ከሆነ ለዋግ ሰው ደስ የሚል ትርጉም አለው። ኽምጣና ከአገው ቋንቋዎች አንዱ ነውና፣ ዶሮን በእነዚህ ተራሮች ላይ መጀመሪያ ስም አውጥተው ከጠሯት መካከል የኽምራ ሕዝብ ዘመዶች ነበሩበት ማለት ነው። ቤታችሁ ውስጥ ኽምጣና የሚናገር ሰው ካለ ዛሬውኑ ጠይቁና የምትሰሙትን ቃል ከላይ ካሉት ጋር አስተያዩት።

የሰቆጣ አቀማመጥም ለዚህ ታሪክ እንግዳ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በዚህ ያለፉ ተጓዦች ከተማዋን የጨው ገበያ አድርገው ነው የሚያስታውሷት። ከአፋር ቆላ የተቆረጠው አሞሌ በግመልና በበቅሎ እየተጫነ በዚህ በኩል ወደ ደቡብ ይወርድ ነበር። ነጋዴ በሚያድርበት አገር ዶሮና እንቁላል ደንበኛ አያጡም።

እናት ዶሮ በቀን ምን ትሠራለች?

እናትን ለመተካት መጀመሪያ ሥራዋን ማወቅ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ዶሮ የምትታቀፈው ዝም ብላ ተቀምጣ ይመስለዋል። አይደለም።

የዶሮ የሰውነት ሙቀት 41 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። እንቁላሉ የሚፈልገው ደግሞ ከ37 እስከ 38 ዲግሪ ያህል ነው። ይህን ሙቀት ለ21 ቀናት ትጠብቃለች። በቀን ብዙ ጊዜ እንቁላሎቹን ታገላብጣለች፤ ካልተገላበጡ ፅንሱ ከቅርፊቱ ጋር ይጣበቃል። በመጨረሻዎቹ ቀናት ጫጩቱ እንቁላሉ ውስጥ ሆኖ ድምፅ ያሰማል፣ እሷም ትመልስለታለች። ገና ሳይተያዩ ይተዋወቃሉ ማለት ነው።

ከተፈለፈሉ በኋላ ሥራዋ አራት ይሆናል።

አንደኛው ሙቀት ነው። አዲስ ጫጩት የለበሰው ጸጉር መሳይ ለምለም እንጂ እውነተኛ ላባ አይደለም። የራሱን ሙቀት መቆጣጠር የሚችለው ላባ ሲያወጣ፣ ከሦስትና አራት ሳምንት በኋላ ነው። እስከዚያ ሲበርደው ክንፏ ሥር ይገባል።

ሁለተኛው ምግብ ማሳየት ነው። እናት ዶሮ ጥሬውን አንስታ መልሳ ትጥለዋለች፣ ለዚህ ብቻ የሚሆን ድምፅም አላት። ጫጩት መጫርና መልቀም የሚችለው በተፈጥሮው ቢሆንም፣ ምን እንደሚለቀም የሚማረው ከእሷ ነው።

ሦስተኛው ጥበቃ ነው። ጭልፊት ሲያንዣብብ የምታሰማውን ድምፅ ታውቁታላችሁ። በአንድ ጊዜ ሁሉም ይበተናል፣ ይደበቃል።

አራተኛው ደግሞ አይታይም። እናትየው በበሽታ ተይዛ የዳነች ወይም የተከተበች ከሆነች፣ በሽታን የሚከላከሉ ንጥረ ነገሮችን በአስኳሉ በኩል ለልጆቿ ታወርሳለች። ጫጩቱ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚኖረው በዚህ ስንቅ ነው።

ታዲያ ይህን ሁሉ የምትሠራ እናት ዋጋ ትከፍላለች። በምትታቀፍበትና በምታሳድግበት ጊዜ እንቁላል አትጥልም። የአገራችን ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ብቻ የምትሰጥበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። እናቶቻችን ይህን ከጥንትም ያውቁታል። እንቁላል ሲፈልጉ የምትታቀፈውን ዶሮ ወደ ጎረቤት ያዘዋውሯታል፣ ውኃ ውስጥ ነከር ያደርጓታል፣ ጎጆዋን ያፈርሱባታል። ጫጩት ሲፈልጉ ደግሞ ሰፋ ያለች ታቃፊ መርጠው፣ እንቅብ ላይ ጭድ ጎዝጉዘው፣ ጨለም ያለ ጥግ ውስጥ ያስታቅፏታል። ወይ እናት ወይ እንቁላል ጣይ፤ ሁለቱን በአንድ ጊዜ መሆን አይቻልም። የሚቀጥለው የዓለም ታሪክ ሁሉ ይህን "ወይ ወይ" ለመስበር የተደረገ ጥረት ነው።

ምድጃ እንቁላል ሲታቀፍ

ቀዳሚዎቹ ግብፃውያን ናቸው። ፈላስፋው አሪስቶትል ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው ክፍለ ዘመን፣ ግብፅ ውስጥ እንቁላል በፍግ ክምር ተቀብሮ ይፈለፈላል ብሎ ጽፏል። ከዚያም ግብፃውያን ከጭቃ ጡብ የተሠሩ ትልልቅ የመፈልፈያ ምድጃዎችን ሠሩ። እበትና ገለባ በዝግታ እየነደደ ሺህ የሚቆጠር እንቁላል በአንድ ጊዜ ያሞቃል። ቴርሞሜትር የለም። ሠራተኛው እንቁላሉን አንስቶ የዓይኑ ቆብ ላይ ያሳርፈዋል፤ ሙቀቱ ትክክል መሆኑን ቆዳው ይነግረዋል። ጥበቡ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ የቤተሰብ ምስጢር ነበር።

እዚህ ጋ ልብ በሉ። ምድጃው የሚፈለፍል እንጂ የሚያሳድግ አልነበረም። ግብፅን የጎበኙ አውሮፓውያን ጫጩት እንደ እህል በመስፈሪያ ተሰፍሮ ሲሸጥ ማየታቸውን ጽፈዋል። ገዢዎቹ የመንደር ሰዎች ናቸው፤ ጫጩቱን ወስደው በየቤታቸው ያሳድጉታል። አገሩ ሞቃት ስለሆነ የሙቀቱ ችግር ያን ያህል አልከበዳቸውም።

ብርድ ባለበት አገር ግን ነገሩ ሌላ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ሬኦሚር የሚባል ፈረንሳዊ ሳይንቲስት የግብፆችን ጥበብ ፈረንሳይ ውስጥ ለመድገም ተነሣ። በራሱ ስም የሚጠራ የቴርሞሜትር መለኪያ ያወጣው ሰው ነው፤ ሙቀት ያውቃል። እንቁላሉን በርሜል ውስጥ አድርጎ፣ በርሜሉን ከሚብላላ ፍግ ውስጥ ቀብሮ አስፈለፈለ። በ1749 ያሳተመው መጽሐፍ ላይ ግን የሚገርመው የጫጩቶቹ ክፍል ነው። የተፈለፈሉት እንዳይሞቱበት "ሰው ሠራሽ እናት" የሚላትን ሳጥን ሠራ። ሳጥኗ ውስጧ በበግ ለምድ የተለበደ ነው። ጣሪያዋ ወደ አንድ ወገን ያዘቀዝቃል፤ ትንሹም ትልቁም ጫጩት ጀርባውን ሱፉ የሚነካለት ከፍታ እንዲያገኝ ነው። እናት ዶሮን በጥንቃቄ ያየ ሰው ሥራ ነው። ጫጩት ክንፍ ሥር ሲገባ የሚፈልገው ከላይ የሚጫነው ሙቀት እንደሆነ ገብቶታል።

ጫጩት በፖስታ

በ1879 አሜሪካ ካሊፎርኒያ ውስጥ ፔታሉማ በምትባል ከተማ ላይማን ባይስ የሚባል ሰው ሙቀቱን ራሱ የሚቆጣጠር መፈልፈያ ማሽን ይዞ ቀረበ። ከዚያ በኋላ እንቁላል መፈልፈል የቤት ሥራ መሆኑ ቀረና የፋብሪካ ሥራ ሆነ። በ1892 ደግሞ ከኒው ጀርሲ የአንድ ቀን ጫጩት በባቡር ተጭኖ ሩቅ አገር ላለ ደንበኛ ተላከ። በ1918 የአሜሪካ ፖስታ ቤት ጫጩትን እንደ ጥቅል ተቀብሎ ማድረስ ጀመረ።

ያለ ምግብና ውኃ እንዴት አይሞቱም? መልሱ አስኳሉ ውስጥ ነው። ጫጩቱ ከመፈልፈሉ ትንሽ ቀደም ብሎ የተረፈውን አስኳል ወደ ሆዱ ይስበዋል። በዚህ ስንቅ ሦስት ቀን ያህል ሊቆይ ይችላል። ተፈጥሮ ይህን ያደረገችው ለፖስታ ቤት ብላ አይደለም። በአንድ ጎጆ ያሉ እንቁላሎች እኩል አይፈለፈሉም። ቀድመው የወጡት የኋለኞቹን እስኪጠብቁ ድረስ እናታቸው ከጎጆው አትነሣም። ስንቁ ለዚያ መጠበቂያ ነው። የዛሬው የጫጩት ንግድ በሙሉ የቆመው በዚህች የሦስት ቀን ክፍተት ላይ ነው። ስንቁ ግን ርሃብን እንጂ ብርድን አይከላከልም፤ ቀኑ ሲያልቅም ጫጩቱ ውኃ፣ ምግብና የሚሞቅ ቦታ ላይ መድረስ አለበት።

የውጭ ዝርያ ሲመጣ

ወደ አገራችን እንመለስ። በ1950ዎቹ የአለማያ፣ ማለትም የዛሬው ሐረማያ፣ እና የጅማ የግብርና ትምህርት ተቋማት አራት የውጭ ዝርያዎችን አስመጡ፦ ሮድ አይላንድ ሬድ፣ አውስትራሎርፕ፣ ኒው ሃምፕሻየርና ዋይት ሌግሆርን። ኋላም የግብፁ ፋዮሚ ተጨመረ። እነዚህ ዶሮዎች ብዙ ይጥላሉ። ለምን? ለብዙ ትውልድ ሲመረጡ የማይታቀፉት እየተመረጡ ስለመጡ ነው። በተለይ ዋይት ሌግሆርን የመታቀፍ ባሕርይዋ ከሞላ ጎደል ጠፍቷል። "ወይ ወይ" የተሰበረው እናትነትን ከዶሮዋ ላይ በማንሣት ነበር።

ይህ ማለት ገበሬው አዲሷን ዶሮ ሲቀበል እናት የሌላትን ዶሮ ነው የተቀበለው። ቀጣዩን ትውልድ የሚፈለፍል ማሽን፣ የሚያሳድግ ቦታ፣ የሚያሞቅ ነገር ሌላ ሰው ማቅረብ አለበት። በወሎና በጎጃም ይህን ሥራ የኮምቦልቻና የአንዳሳ የዶሮ ማባዣ ጣቢያዎች ያዙት። የአንድ ቀን ጫጩት ከመስጠት ይልቅ ለረጅም ጊዜ ያደጉ ቄቦችን ያከፋፍሉ ነበር፤ ያደገ ዶሮ የመትረፍ ዕድሉ የተሻለ ነውና። ችግሩ፣ ያደገ ዶሮ ውድ ነው፣ ቦታ ይይዛል፣ ብዙ ሰው ጋ አይደርስም።

ታዲያ መብራት በሌለበት ቤት ጫጩትን ማን ያሙቀው? እዚህ ላይ አንድ ኢትዮጵያዊ መልስ አለ። በጅማ ግብርና ኮሌጅ ሰለሞን ደመቀ የሚባሉ መምህርና ተመራማሪ የገለባ ሣጥን የሚባለውን የጫጩት ማሳደጊያ አስተዋወቁ። ሌሎች ተመራማሪዎችም ደብረ ዘይትን ጨምሮ በተለያየ ቦታ ሞክረውታል። ሐሳቡ ይህ ነው። ሣጥኑ ድርብ ግድግዳ አለው፣ በግድግዳዎቹ መካከል ደረቅ ሣር ወይም ገለባ ይጠቀጠቃል። ሣጥኑ ውስጥ እሳት የለም፣ አምፖል የለም፣ ከሰል የለም። ሙቀቱ ከየት ይመጣል? ከጫጩቶቹ ከራሳቸው። እያንዳንዱ ጫጩት ትንሽ ምድጃ ነው፤ ሲሰበሰቡ የሚያወጡት ሙቀት በገለባው ውስጥ በታሰረው አየር ምክንያት አያመልጥም። እናታችሁ ድስቱን በጋቢ ጠቅልላ ወጡን ሞቅ እንዳለ ታቆየው የለ? ያው ነው።

ሬኦሚር በበግ ለምድ የሠራውን፣ ጅማ ላይ በገለባ ሠሩት። ለዚህ ሣጥን ግን ሁለት ሕግ አለው። አንደኛ፣ ጫጩቶቹ በቂ ቁጥር ሊኖራቸው ይገባል፤ በትልቅ ሣጥን ውስጥ አምስት ጫጩት ቢገባ ሙቀቱ አይበቃም። ሁለተኛ፣ አየር ማስገቢያ ቀዳዳ ያስፈልጋል፤ ካልሆነ እርጥበትና የኩሱ ሽታ ይታመቃል።

ቆየት ብሎ ሌሎችም ወደዚያው መደምደሚያ መጡ። በ2014 ኢትዮጵያን፣ ታንዛኒያንና ናይጄሪያን ይዞ የተጀመረው የአፍሪካ ዶሮ ዝርያ ማሻሻያ ፕሮግራም ጫጩቶቹን ለገበሬ የሚያከፋፍለው ስድስት ሳምንት ያህል አሳድጎና አስከትቦ ነበር። በ2010 የተመሠረተው ኢትዮ ቺክንም የአንድ ቀን ጫጩቶችን በየአካባቢው ላሉ አሳዳጊ ወኪሎች ይሸጣል፤ እነሱ አንድ ወር ተኩል ያህል አሙቀውና አስከትበው ለገበሬው ያስተላልፋሉ። የሰባ ዓመቱ ልምድ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሲጠቃለል፣ ከባዱ ነገር ዝርያው ሳይሆን የመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት ናቸው።

ፈንግል

ሌላው ፈተና በሽታ ነው። መንደር ውስጥ የዶሮው ሁሉ አንገት ሲጠመዘዝ፣ አረንጓዴ ሲያስቀምጥ፣ በቀናት ውስጥ ቆጡ ባዶ ሲሆን ሰው "ፈንግል ገባ" ይላል። ሳይንስ ይህን በሽታ የለየው በ1926 በኢንዶኔዥያዋ ጃቫ ደሴትና በእንግሊዟ ኒውካስል ከተማ ነው፤ የዓለም ስሙ የኒውካስል በሽታ የሆነውም ለዚህ ነው። ቫይረስ ስለሆነ አንዴ ከገባ ፈዋሽ መድኃኒት የለውም። መፍትሔው ክትባት ብቻ ነው።

ክትባቱ ደግሞ ቅዝቃዜ ይፈልጋል። ማቀዝቀዣ በሌለበት ቀበሌ ብልቃጡ ሙቀት ካገኘው ውኃ ሆኖ ይቀራል። ለዚህ ሲባል አውስትራሊያ ውስጥ አይ-2 የሚባል ሙቀት የሚችል የክትባት ዘር ተዘጋጀ፤ በዓይን ጠብታም ይሰጣል። የኒውካስል ክትባት በአገራችንም ይመረታል፤ ቢሾፍቱ ላይ ያለው የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ከ1960ዎቹ ጀምሮ የቆየ ተቋም ነው።

እንግዲህ ተራው የእናንተ ነው

ከታሪኩ የተማርነውን ወደ ሥራ እንለውጠው። ካርቶኑ ከመምጣቱ በፊት ሁሉም ነገር ዝግጁ መሆን አለበት። ጫጩት መጥቶ ቦታ አይፈለግለትም።

*ሙቀት።* ሰቆጣ ከ2,200 ሜትር በላይ ናት፤ ቀን ፀሐይ ቢያቃጥልም ሌሊቱ ሌላ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ጫጩቱ ባለበት ከፍታ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ያስፈልጋል። ከዚያ በየሳምንቱ ሦስት ዲግሪ ያህል እየቀነሳችሁ 20 አካባቢ እስኪደርስ ትሄዳላችሁ። አምፖል የምትጠቀሙ ከሆነ ካርቶኑ ከመድረሱ አንድ ቀን ቀደም ብላችሁ ክፍሉን አሙቁት፤ መብራት ቢጠፋ ምን እንደምታደርጉም አስቀድማችሁ አስቡ። የገለባ ሣጥን እዚህ ላይ ነው የሚያድነው። ከሰል ከሆነ ደግሞ በጣም ተጠንቀቁ። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል የሚያወጣው ሽታ የሌለው ጋዝ ጫጩቱንም እናንተንም ይገድላል።

ቴርሞሜትር ከሌላችሁ ግብፃዊው የዓይን ቆብ ነበረው፤ እናንተ ደግሞ ጫጩቶቹ አሏችሁ። ተጠጋግተው፣ ተደራርበው፣ እየጮኹ ከሆነ በርዷቸዋል። ከሙቀቱ ርቀው፣ ክንፋቸውን ዘርግተው፣ አፋቸውን ከፍተው ከሆነ ሞቋቸዋል። እዚህም እዚያም ተበታትነው የሚበሉ፣ የሚጠጡ፣ የሚተኙ ከሆነ ተመችቷቸዋል።

*ቦታ።* ጥግ የሌለው ክብ አጥር ሥሩላቸው፤ ካርቶን ወይም ሰሌን ጠምዝዞ ማቆም ይበቃል። ሲበርዳቸው ጥግ ውስጥ እየተደራረቡ የታችኞቹ ይታፈናሉ። ወለሉ ላይ ደረቅ ሰጋቱራ ወይም የተከተፈ ጭድ ጎዝጉዙ። የሚያንሸራትት ወለል እግራቸውን ያጣምመዋል፤ እርጥብ ጉዝጓዝ ደግሞ የበሽታ ቤት ነው። ድመትና ሸለምጥማጥ የማያልፉበት መሆኑን ማታ ማታ አረጋግጡ። ጭልፊትን አይቶ የሚጮህላቸው የለምና ውጭ ስታወጧቸው ከላያቸው መረብ ይኑር።

*ውኃና ምግብ።* እንደደረሱ መጀመሪያ ውኃ፣ ከዚያ ምግብ። እናት ዶሮ ጥሬ አንስታ እንደምታሳይ አስታውሱ። የጥቂቶቹን መንቁር ቀስ ብላችሁ ውኃው ውስጥ ነከር አድርጉ፤ ሌሎቹ አይተው ይከተላሉ። ምግቡንም በጣታችሁ መታ መታ አድርጉላቸው። ዕቃው ጥልቅ ከሆነ ጠጠር ጨምሩበት፤ ጫጩት በሁለት ጣት ውኃ ይሰምጣል። ማሽላ ወይም በቆሎ ብቻውን አይበቃም። የጫጩት መኖ ከ18 እስከ 20 በመቶ ፕሮቲን ሊኖረው ይገባል። የተዘጋጀ መኖ ካላገኛችሁ ከእህሉ ጋር የኑግ ፋጉሎና የተቀቀለ እንቁላል መቀላቀል ከባዶ እህል በእጅጉ ይሻላል።

*ክትባት።* ጫጩቶቹ ከመምጣታቸው በፊት የወረዳችሁን የእንስሳት ጤና ባለሙያ አነጋግሩና የፈንግል ክትባት መቼ እንደሚሰጥ ቀን ያዙ። ክትባት በአንድ ብልቃጥ ብዙ ዶሮ ስለሚከትብ ከጎረቤት ጋር መተባበር ወጪ ይቀንሳል፣ መንደሩንም ይጠብቃል። በበዓል ሰሞን ከገበያ የመጣ ዶሮ ከጫጩቶቻችሁ ጋር አታቀላቅሉ። ከነካችኋቸው በኋላም እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።

*ሒሳብ።* ጾታቸው ሳይለይ ከገዛችሁ ግማሽ ያህሉ አውራ ሊሆኑ ይችላሉ። ይሄ ኪሳራ አይደለም፤ አውራዎቹን መቼ እንደምትሸጡ አስቀድማችሁ ካሰባችሁ ለፋሲካ ገበያ ይደርሳሉ።

በመጨረሻ አንድ የማይረሳ አማራጭ አለ። ቤታችሁ ውስጥ ወይም ጎረቤት የምትታቀፍ የአገር ውስጥ ዶሮ ካለች፣ የገዛችኋቸውን የአንድ ቀን ጫጩቶች በጨለማ፣ ቀስ ብላችሁ፣ እንቁላሏን እያነሣችሁ ከሥሯ ማስገባት ትችላላችሁ። ለክንፏ የሚበቃውን ያህል ብቻ ስጧት፤ ሃያው በሙሉ ካልተሸፈነ የቀሩትን በሣጥን ያዙ። ጠዋት እየቀሰቀሰች ይዛቸው ከወጣች፣ ከአምፖልም ከገለባ ሣጥንም የሚሻል ነገር አግኝታችኋል። መብራት አይጠፋባትም፣ ጭልፊት ታያለች፣ ጥሬ ታሳያለች።

"ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" ሲባል ሰምታችኋል። ተረቱ ያልነገረን ነገር፣ እንቁላሉ በእግሩ መሄድ ከጀመረ በኋላ ሌላ ስድስት ሳምንት የሚጠብቀው ሰው እንደሚያስፈልገው ነው። በስድስተኛው ሳምንት ጫጩቶቻችሁን አንስታችሁ ደረታቸውን ዳስሱ። ላባው ሙሉ ከሆነ፣ ያለ ተጨማሪ ሙቀት አንድ ሌሊት አሳድሯቸው። ጠዋት በሩን ስትከፍቱ ተበታትነው እየጫሩ ካገኛችኋቸው የእናትነቱ ሥራ ተፈጽሟል።